ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) የሚታከም ልጅን ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆኖ መያዝ፦ ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ በቤት የሚሠራው

ልጁ አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ወር ታክሞ ሲመለስ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ፊቱም ይሞላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሕክምናው በአብዛኛው የሚበላሸው በቤት ውስጥ በሦስት ነገሮች ነው፦ ትኩሳት ሲመጣ «ምች ነው» ብሎ ማሳደር፣ ልጁ ደህና ሲመስል ክኒን መዝለል፣ መንገዱና ወጪው ሲከብድ ቀጠሮ መተው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነዚህ ሦስቱ ነው።

የክኒኑ ክፍል በልጆች ላይ በብዛት ለሚታየው ለአኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ (ኤኤልኤል) ነው። ሌላ ዓይነት ከሆነ የክኒኑን ክፍል እለፉት፤ የትኩሳቱ፣ የምግቡና የጉዞው ለሁሉም ያገለግላል። ሐኪማችሁ ከዚህ የተለየ ካዘዘ የሐኪማችሁን ያዙ።

ደረጃ 1፦ ርዝመቱን ከመጀመሪያው ቀን ተቀበሉ

ሕክምናው ባጠቃላይ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ነው። በመጨረሻው የመቅኔ ምርመራ ተደርጎ «ካንሰሩ አይታይም» ሊባል ይችላል። በማይክሮስኮፕ የማይታዩ ሴሎች ግን ተደብቀው ይቀራሉ። ሕክምናው እዚያ ላይ ቢቆም በሽታው ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ለመድኃኒት ያስቸግራል።

ቀጥሎ ወራት የሚወስድ ጠንካራ ሕክምና አለ። ከዚያ ረጅሙ የማቆያ ምዕራፍ ይመጣል፦ በየቀኑ ሜርካፕቶፑሪን፣ በሳምንት አንድ ቀን ሜቶትሬክሴት፣ እንደ ሕክምናው ዕቅድ ቪንክሪስቲን በደም ሥር፣ ለጥቂት ቀናት ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን፣ እንዲሁም የጀርባ መርፌ። የጀርባ መርፌውን «ሽባ ያደርገዋል» በሚል ወሬ አትከልክሉ። በአፍና በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ወደ አንጎል በበቂ ስለማይደርስ፣ እዚያ የሚደበቀውን ካንሰር የሚያገኘው ያ መርፌ ነው።

ደረጃ 2፦ ከአዲስ አበባ ከመነሳታችሁ በፊት እነዚህን በእጃችሁ አስገቡ

1. የትኩሳት ደብዳቤ። ሐኪሙን «ደሴ እያለን ቢያተኩሰው ለሚያየው ሐኪም ደብዳቤ ይጻፉልን» ብላችሁ ጠይቁ። በደብዳቤው የበሽታው ስም፣ ልጁ ያለበት ምዕራፍ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ መጀመር ያለበት አንቲባዮቲክና የክፍሉ ስልክ ይኑሩ። ማኅተም አስመቱ። ሦስት ኮፒ አድርጉ፤ አንዱ በቦርሳ፣ አንዱ በቤት፣ አንዱ በዘመድ እጅ ይሁን። በስልክም ፎቶ አንሱት።
2. የመጨረሻው የደም ውጤት (ሲቢሲ) ኮፒ።
3. እስከ ቀጠሮው የሚበቃ መድኃኒትና የ2 ሳምንት ትርፍ። መንገድ ሲዘጋ የሚያድናችሁ ይህ ትርፍ ነው።
4. የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን፣ በወረቀት።
5. የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ለሚቀጥለው ጉዞ የሪፈር ወረቀቱን ከደሴ ሳትነሱ አስጨርሱ። አንድ ማኅተም ጎድሎ 400 ኪሎ ሜትር መመለስ የሚያስመርር ነው።

ቤት ስትደርሱ ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ ጓንት፣ 5 እና 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ (ያለ መርፌ)፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የሚቆለፍ የመድኃኒት ሳጥንና አንድ ደብተር አዘጋጁ። የቴርሞሜትሩን ባትሪ በየወሩ ፈትሹ።

ደረጃ 3፦ ትኩሳት ሲመጣ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ ልጁን የሚጠብቁት አያትና አክስትም ያንብቡት።

ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒቱ) ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል። ነጭ ሴል የሌለው ልጅ ቁስሉ መግል ላይይዝ ይችላል፤ ሳንባው ታሞም ብዙ ላያስል ይችላል። ብዙ ጊዜ ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ነው። ጠዋት 38 የነበረ ልጅ እስከ ማታ ራሱን ሊስት ይችላል።

አለካክ፦ በብብት ለኩ። ብብቱን አድርቁ፣ ጫፉን መሃል ላይ አስገቡ፣ ክንዱን ከደረቱ ጋር ያዙትና ቴርሞሜትሩ እስኪጮህ ጠብቁ። በፊንጢጣ በፍጹም አትለኩ፤ ትንሽ ጭረት ለጀርም በር ትከፍታለች። በእጅ ግንባር ዳስሶ «የለውም» ማለት አይቆጠርም፤ በተለይ በደሴ ብርድ እጃችሁም ግንባሩም ያታልላችኋል።

ቁጥሩ ምን ይላል፦

- 37.5 እስከ 37.9፦ መድኃኒት ሳትሰጡ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ቦርሳውን አዘጋጁ።
- 38 እና ከዚያ በላይ፦ ወዲያው ውጡ። ሌሊት ቢሆንም አትደሩ።
- ትኩሳት ባይኖርም ቢንቀጠቀጥ፣ ቢፈዝ፣ ቶሎ ቶሎ ቢተነፍስ፣ እጅ እግሩ ቢቀዘቅዝ፦ ወዲያው ውጡ። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን በሚወስድባቸው ሳምንታት መድኃኒቱ ትኩሳትን ስለሚሸፍን ከቁጥሩ ይልቅ ልጁን እዩ።

ከመውጣታችሁ በፊት ፓራሲታሞል አትስጡ። ትኩሳቱ በረድ ሲል «ተሻለው» ተብሎ ይታደራል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ይቀጥላል። አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና አስፕሪን ደግሞ ትኩሳት ኖረም አልኖረም አይሰጡም፤ ደም የማርጋት አቅሙን ያዳክማሉ፣ ከሜቶትሬክሴት ጋርም ይጋጫሉ።

ወዴት፦ በሌሊት በደም ሥር አንቲባዮቲክ የሚጀምረው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ ልጁ ደህና በሆነበት ቀን ሄዳችሁ ጠይቁ። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም የሐረጎን ዳገት በሌሊት የሚወጣላችሁ መኪና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ደሴ ከሙጋድም ሆነ ከቧንቧ ውሃ ማታ የሚመጣ የባጃጅ ሹፌር ስልክ ያዙ፤ የሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ አንዱ ስልኩን ሊዘጋ ይችላል።

በር ላይ ምን ትላላችሁ፦ ተራ አትጠብቁ። ደብዳቤውን አውጥታችሁ እንዲህ በሉ፦ «ልጄ የደም ካንሰር ኬሞቴራፒ ላይ ነው። ትኩሳቱ 38.6 ነው። ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሲቢሲና የደም ካልቸር ተወስዶ አንቲባዮቲክ በደም ሥር እንዲጀመርለት ሐኪሙ ጽፈዋል።» አንቲባዮቲኩ በደረሳችሁ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ካልቸር (በደሙ ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያይ ምርመራ) ከሌለ፣ ወይም የሲቢሲው ውጤት ከዘገየ፣ አንቲባዮቲኩ እሱን አይጠብቅም።

እዚህ ላይ የሚበላሸው፦ «ታይፎይድ ነው» ወይም «ወባ ነው» ተብሎ የሚዋጥ መድኃኒት ይዞ መመለስ። በኮምቦልቻ ወባ ስላለ ምርመራው ይደረግ፤ ወባ ቢገኝበትም ግን ደብዳቤው ላይ ያለው አንቲባዮቲክ አይቀርም። በጡንቻ (በቂጥ) የሚወጋ መርፌ ካዘዙ ፕሌትሌቱ (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) ሳይታይ እንዳይወጉት ጠይቁ፤ ውስጥ ለውስጥ ይደማል። ለማስረዳት ካስቸገራችሁ የአዲስ አበባውን ሐኪም ደውላችሁ ከተረኛው ሐኪም ጋር በስልክ አገናኟቸው። ባለሙያን ከባለሙያ ማነጋገር ከክርክር ያድናል።

ደረጃ 4፦ ክኒኑን ያለ ስህተት መስጠት

በማቆያው ምዕራፍ ከ100 ቀን ከ95 በታች ሜርካፕቶፑሪን የወሰዱ ልጆች ላይ በሽታው ይበልጥ እንደሚመለስ በጥናት ታይቷል። በወር ሲሰላ ሁለት ቀን መዝለል ብቻ ከዚያ መስመር በታች ያወርዳል።

*ሰዓት።* በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ማታ 2 ሰዓት ስጡ። የስልክ ደወል ሙሉ። የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን። እናት «አባቱ ሰጥቷል» ስትል፣ አባት «እናቱ ሰጥታዋለች» ሲል ክኒኑ ይቀራል፤ ወይም ሁለት ጊዜ ይሰጣል።

*ደብተር።* ልጁ እንደዋጠ ምልክት አድርጉ፤ ቀድማችሁ አታድርጉ። እሑድ ማታ የቀረውን ቁጠሩ። ለምሳሌ ሐኪሙ በሳምንት 5 ቀን አንድ፣ 2 ቀን ግማሽ ካዘዘ በሳምንት 6 ክኒን፣ በ4 ሳምንት 24 ክኒን ያልቃል። ሊቀር ከሚገባው በላይ ከተረፈ የተዘለለ ቀን አለ። ለሐኪሙ ንገሩ፤ ካልነገራችሁ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መጠኑን ሊጨምር ይችላል።

*ሜቶትሬክሴት።* በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በስህተት በየቀኑ መስጠት ሊገድል ይችላል። ከሐኪሙ ጋር ቀን ምረጡና «ሐሙስ ብቻ» ብላችሁ በትልቁ ሳጥኑ ላይ ጻፉ፤ ከዕለቱ ክኒን ለይታችሁ አስቀምጡ። ባለ 2.5 ሚሊግራምም ባለ 10 ሚሊግራምም አለ። ስድስት ወር ሙሉ «5 ፍሬ» ስትሰጡ የቆያችሁት የ2.5 ከሆነና ፋርማሲው የ10 ከሰጣችሁ፣ ያው 5 ፍሬ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሬውን ከመቁጠር በፊት በየጊዜው የሚሊግራሙን ጽሑፍ አንብቡ።

*መዋጥ የማይችል ትንሽ ልጅ።* ክኒኑን አትውቀጡ፤ ዱቄቱ ይተናል፣ ቤተሰቡም ይተነፍሰዋል። እንዲህ አድርጉ፦

1. ጓንት አጥልቁ። የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጁን መግፊያ አውጡና ክኒኑን ውስጡ ጣሉ፤ መግፊያውን መልሱ።
2. ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውኃ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ሳቡ። ጫፉን ዝጉ።
3. ቀስ እያላችሁ አገላብጡ። ሜርካፕቶፑሪን ቶሎ አይሟሟም፤ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ጥቃቅን ቅንጣት ቢቀር ችግር የለውም፣ ድብልብል ከቀረ ግን ጠብቁ።
4. ልጁን ቀና አድርጋችሁ ወደ ጉንጩ ጥግ በትንሽ በትንሹ ግፉ። ወደ ጉሮሮው አትርጩ፤ ትን ይለዋል።
5. ሌላ 5 ሚሊ ሊትር ውኃ ስባችሁ፣ ሲሪንጁን አጥባችሁ ያንንም አጠጡት። ግድግዳው ላይ የቀረው መድኃኒት ነው።
6. ሲሪንጁን በሳሙናና በውኃ እጠቡ፣ ለሌላ ነገር አትጠቀሙበት።

ከፈለጋችሁ ግማሽ ማንኪያ የተፈጨ ሙዝ አስከትሉ። ሙሉ ሳህን ገንፎ ውስጥ አትደብቁት፤ ግማሹን ትቶ ከተነሳ ምን ያህል እንደወሰደ አይታወቅም፣ ገንፎውንም ይጠላዋል።

*ቢያስመልሰው።* በራሳችሁ አትድገሙ፣ በተለይ ሜቶትሬክሴትን። ስንት ደቂቃ እንደቆየና ክኒኑ በትውከቱ ታይቶ እንደሆነ ጽፋችሁ ደውሉ። *ብትረሱት* ነገ እጥፍ አትስጡ።

*ነፍሰ ጡር* ክኒኑን፣ ትውከቱንና ሽንቱን አትንካ። ሌሎችም ኬሞ ከወሰደ በኋላ ለ48 ሰዓት ዳይፐርና ትውከት በጓንት ይያዙ፤ የተበላሸውን ልብስ ለብቻ እጠቡ።

*ስቴሮይድ (ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን)።* ጠዋት ከምግብ በኋላ ስጡ። ያስርበዋል፣ ያነጫንጨዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። ቁጣው የመድኃኒቱ ነው፤ ሲያልቅ ይበርዳል። ድንገት አታቋርጡት።

*«ደም ማነስ አለው» ተብሎ የሚሰጥ ክኒን።* አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለ ካንሰር ሐኪሙ ፈቃድ አትስጡ። ፎሊክ አሲድ የሜቶትሬክሴትን ሥራ ያደናቅፋል፤ ደም ለተሰጠው ልጅ ደግሞ አይረኑ ትርፍ ነው። ጤና አዳም፣ ኮሶ፣ ዳማ ከሴና በውጥ የሚሰጥ ማንኛውም ሥራ ሥር ይቅር፤ ጉበቱ የክኒኑን ሸክም ብቻውን ተሸክሟል።

ደረጃ 5፦ የደም ውጤቱን ማንበብ

ከሲቢሲው ወረቀት ጠቅላላ ነጭ ሴልንና የኒውትሮፊልን (ጀርም የሚዋጋውን የነጭ ሴል ዓይነት) መቶኛ ፈልጉ። ነጭ ሴል 2,000፣ ኒውትሮፊል 30 በመቶ ከሆነ 2,000 × 0.30 = 600፤ ይህ የኒውትሮፊሉ ቁጥር ነው። ከ500 በታች ከሆነ ልጁን ከሰው አርቁ፣ ትኩሳትን በቀን ደጋግማችሁ ለኩ። በማቆያው ምዕራፍ ሐኪሙ ቁጥሩ ዝቅ እንዲል ሆን ብሎ ክኒኑን ያስተካክላል። ስለዚህ የአካባቢው ክሊኒክ «ደሙ ወርዷልና አቁሙ» ቢል ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ለአዲስ አበባው ሐኪም ላኩና መልስ ጠብቁ።

ደረጃ 6፦ ምግብና ውኃ

የሚጠጣውን ሁሉ አፍሉ። ደሴ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት። ኮምቦልቻ 1 ደቂቃ ይበቃል። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ በኩባያ እየጠለቃችሁ አትቅዱ። በሶም የሚበጠበጠው በዚሁ ውኃ ነው።

ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ ከጥሬ ወተት የወጣ እርጎና አይብ፣ ሰላጣ አይቀመሱ። በክረምት መንገድ ላይ ተልጦ የሚሸጠውን በለስ አትግዙለት፤ ሳይላጥ ገዝታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ቤት ላጡ። የሚስማማው ትኩስ የበሰለ ነገር ነው፦ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ አስኳሉ ጭምር የጠነከረ እንቁላል። ያደረ ወጥ እስኪንተከተክ ይሙቅ። ይህ ልጅ አይጾምም፤ ጾሙም ረመዳኑም ለጤነኛ ነው።

አፉ ከቆሰለ በአንድ ኩባያ የፈላ የቀዘቀዘ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ በቀን 4 ጊዜ ያጉመጥምጥ። መፋቂያ ድዱን ስለሚያደማ ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሙ።

ቪንክሪስቲን ሆድ ያደርቃል። ውኃና ፓፓያ አብዙ፤ 2 ቀን ካልወጣው ማለስለሻ እንዲታዘዝ ደውሉ። በፊንጢጣ የሚገባ ማንኛውም ነገር ክልክል ነው። ሆዱ ተነፍቶ ካመመው ወደ ሆስፒታል።

ደረጃ 7፦ ጠያቂ፣ ክትባት፣ ቁስል

ወሎ ውስጥ የታመመ ልጅ ቤት ጠያቂ አይቋረጥም፤ መከልከልም ያስቀይማል። ስለዚህ ቡናውን በረንዳ ወይም ግቢ ላይ አፍሉ፣ ሳሙናና ውኃ በር ላይ አኑሩ፣ አንድ ደፋር ዘመድ በር ላይ ይቁም። የሚባለውም፦ «ሐኪም ከልክሎን ነው፤ እዚሁ ሆናችሁ ዱዓ አድርጉለት፣ ጸሎት አድርጉለት።» መሳም አይኖርም። ያስነጠሰ፣ ያሳለ፣ ሽፍታ ያለበት አይገባም።

ጸበል ለምትፈልጉ፦ ከምንጭ የተቀዳውን ሳይፈላ አታጠጡት፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይዛችሁ ሄዳችሁ ካህኑ ይባርኩላችሁ። ክኒኑ ግን አንድ ቀንም አይቆምም።

እንጥል ማስቆረጥ፣ ጥርስ ማስነቀል፣ ዋግምት፣ መብጣት በፍጹም። ፕሌትሌት በሌለው ልጅ ደሙ አይቆምም። ነስር ሲመጣ ቀና ብሎ ተቀምጦ ወደ ፊት ዘንበል ይበል፤ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ሳትለቁ 10 ደቂቃ ጨምቁ። ካልቆመ፣ ወይም በቆዳው ላይ አዲስ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ፣ ሆስፒታል።

የኩፍኝ፣ የአፍ ጠብታ ፖሊዮና ሌሎች ሕያው ክትባቶች በሕክምና ላይ ላለ ልጅ አይሰጡም። ዘመቻ መጥቶ በር ሲንኳኳ «ኬሞ ላይ ነው» በሉ። ወንድሞቹና እህቶቹ ኩፍኝ ይከተቡ፤ ይህ እሱንም ይጠብቀዋል። የአፍ ጠብታው ግን በሰገራ ስለሚወጣ ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አታስጠብጡላቸው። ኩፍኝ ወይም ጉድፍ (የውኃ ፈንጣጣ) ካለበት ልጅ ጋር ከዋለ ሽፍታ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ደውሉ። መከላከያው የሚሠራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ጉዞው

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ልጁን መስኮት ዳር አስቀምጡ፤ የፈላ ውኃ፣ የቤት ምግብ፣ የትውከት ፌስታል፣ ቴርሞሜትርና ደብዳቤው በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። መድኃኒቱን ከላይ በሚታሰረው ሻንጣ አትጫኑ። ደጋግማችሁ ለኩት። በመንገድ ላይ 38 ከሆነ አዲስ አበባ እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ ከሚሴ ወይም ደብረ ብርሃን፣ የቀረበው ሆስፒታል ውረዱ።

ማረፊያ ካሳሰባችሁ በጥቁር አንበሳ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ያለውን ማኅበራዊ ሠራተኛ ጠይቁ። ተስፋ አዲስ የወላጆች ድርጅትና በሉኪሚያ ባረፈ ሕፃን ስም የተሰየመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ታካሚዎችን በማረፊያ ይደግፋሉ። ገንዘቡ ሲያልቅ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ተናገሩ።

*መንገድ ከተዘጋ* በዚያው ቀን ደውሉ፤ የትኛው ክኒን ይቀጥል፣ ሲቢሲ የት ይሠራ፣ የደም ሥሩ መድኃኒት ስንት ቀን ሊዘገይ ይችላል የሚለውን ሐኪሙ ይወስን። *አቋርጣችሁ ከሆነ* ሦስት ወርም ቢያልፍ ተመለሱ። ሐኪሙ ሊቆጣ ይችል ይሆናል፤ ያም ያልፋል። በራሳችሁ ግን ካቆማችሁበት ክኒን አትጀምሩ።

ደረጃ 9፦ ልጁን እንደ ልጅ ማሳደግ

ስለ መርፌ አትዋሹት። «ዛሬ መርፌ የለም» ብላችሁ ከወጋችሁት ሁለተኛ ሲሪንጅ የያዛችሁትን እናንተን አያምንም፤ ማታ ክኒኑን የሚተፋውም ለዚህ ነው። «ትንሽ ያምማል፣ እጄን ያዝ፣ እስከ አምስት አብረን እንቆጥራለን» በሉት። ምርጫ ስጡት፦ ቀኝ እጅ ወይስ ግራ? መውሰድ አለመውሰድ ግን ምርጫ አይደለም።

ታሟል ብላችሁ የቤቱን ሥርዓት አታንሱለት። ከተማታ ይገሠጽ፣ የእንቅልፍ ሰዓቱ ይጠበቅ። ጤነኞቹን ልጆች በሳምንት አንድ ሰዓት ለብቻቸው ያዙ፤ ስለ ወንድማቸው ሕመም እንደማይጋባ ንገሯቸው። በማቆያው ምዕራፍ ሐኪሙ ከፈቀደ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ይመለስ። መምህሯ ሦስት ነገር ትወቅ፦ ትኩሳት ሲኖር ወዲያው ትደውል፣ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ክፍል ውስጥ ከታየ ትደውል፣ ምንም መድኃኒት አትስጥ።

ደረጃ 10፦ ሕክምናው ሲያልቅ

የማብቂያውን ቀን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ በጽሑፍ ተቀበሉ። መከላከያ አቅሙ ለመመለስ ወራት ስለሚወስድ የ38ቱ ሕግ ሐኪሙ «በቃ» እስኪል ይቀጥላል። ክትባቶቹ መቼ እንደሚደገሙ ጠይቁ። የደም ምርመራው መጀመሪያ በየወሩ ገደማ፣ ቆይቶ እየራቀ ይሄዳል፤ በቆዳው ላይ አዲስ ሰማያዊ ምልክት፣ የአጥንት ሕመም፣ በማለዳ የሚመጣ ራስ ምታትና ትውከት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። የተረፈውን ክኒን ሽንት ቤት አትጣሉ፣ ለሌላ ልጅም አትስጡ፤ ለሆስፒታሉ ፋርማሲ መልሱ። የወሰዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ያለበትን ፋይል ግን ልጁ አድጎ ራሱ እስኪረከባችሁ አስቀምጡ።